ድመት ከመምጣቷ በፊት

በአገራችን ሥርዓት ወደ ቤት ለሚገባ ሁሉ ቀድሞ ይሰናዳለታል፤ ለሙሽራ ጫጉላ ይዘጋጃል፤ ለአራስ የገንፎው እህል ይፈጫል፤ ላም ሊገዛ ወደ ገበያ የሚወርድ ገበሬ እንኳ አስቀድሞ በረቱን አጥሮ ገለባውን ከምሮ ይሄዳል እንጂ የላሟን ገመድ በእጁ ይዞ ማሰሪያ ምሰሶ ሲፈልግ አይታይም። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቀረች ፍጥረት ብትኖር ድመት ናት። አይጥ በጎተራው በበረከተ ጊዜ ከጎረቤት ትለመናለች፤ የመጣችበትን መንገድ እንዳታውቀው ተብሎ በማዳበሪያ ከረጢት ታፍና ትመጣለች፤ ከረጢቱም በተፈታ ጊዜ ገና ዓይኗ ብርሃኑን ሳይለምደው ከአልጋ ሥር ገብታ ስትንቀጠቀጥ፣ ባለቤቱ የሚገባውን ሁሉ የፈጸመ መስሎት ወደ ሥራው ይሄዳል። የእርሷ ድርሻ አይጥ መያዝ፣ የእርሱ ድርሻ ደግሞ በሩን መክፈት ብቻ እንደ ሆነ ሁለቱ ወገኖች ውል የተዋዋሉ ያህል ይቈጠራል። እኔ ግን ይህ አሠራር ከርኅራኄ ወገን ቢመረመር ጭካኔ፣ ከጥቅም ወገንም ቢመረመር ኪሳራ ሆኖ ስላገኘሁት፣ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ነገር ማዋሌን አንባቢ እንደ ቧልት አይቍጠርብኝ።

ይህን የምጽፈው ከጉብሬ ነው። ጉብሬ በጉራጌ ምድር፣ ከወልቂጤ ወደ እምድብርና ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በ2004 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከተተከለባት ወዲህም መልኳ እጅግ የተለወጠ ከተማ ናት። ቀድሞ የሣር ክዳን ክብ ቤት በነበረበት ግቢ ዛሬ ባለ ቆርቆሮ ረዥም የኪራይ ቤት በተርታ ቆሟል፤ ከኪራይ ቤቱ በስተጓሮ ግን እንሰቱ እንዳለ ነው፤ ቆጮው በጉድጓድ፣ በቆሎው በጆንያ፣ ጤፉም በጎተራ እንዳለ ነው። አይጥም ከዘመኑ ጋር ተሻሽላ የሣር ክዳኑን ለቅቃ ወደ ኮርኒሱ ወጣች እንጂ አልጠፋችም፤ ሌሊት በኮርኒስ ላይ ስትሮጥ የሚሰማት ተከራይና ከተቀደደ ጆንያ ሥር እህል የሚለቅም ባለርስት ሁለቱም የሚያስቡት መድኃኒት አንድ ነው፤ ይኸውም ድመት። እንሰቱን ከሥሩ እየበላ የሚያደርቀው ፍልፈል ግን ኑሮው ከመሬት በታች ስለ ሆነ የድመት ሥልጣን እምብዛም እንደማይደርስበት በዚህ አጋጣሚ ልናገር፤ ድመት አምጥቶ ከፍልፈል ለመዳን ተስፋ ያደረገ ሰው ቢኖር ተስፋውን ወደ ወጥመዱ ይመልስ።

ከሁሉ አስቀድሞ መነቀል የሚገባው ግን «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» የሚለው በየቤቱ የተተከለ አሳብ ነው፤ የድመቶቻችን ረኃብ ሁሉ ምንጩ ይህ ነውና። ማደን በድመት ባሕርይ ውስጥ ከረኃብ ተለይቶ የተቀመጠ ግብር እንደ ሆነ ለማወቅ የጠገበች ድመት አይጥ ይዛ ሳትበላ ስታንከባልላት ማየት ይበቃል፤ «ለድመት ጨዋታ ለአይጥ ሞት» ያሉት አበው ይህን አስተውለው ነው። የተራበች ድመት በበኩሏ የምታድነው በቤታችን ብቻ አይደለም፤ ሲሳይዋን ፍለጋ ከግቢ ግቢ ትዞራለች፤ የጎረቤትን ጫጩት ትነጥቃለች፤ ክዳኑ ያልጠበቀ ድስት ትገለብጣለች፤ በመጨረሻም ሌላው ሰው መርዝ ያበላትን አይጥ በልታ በማያውቃት አጥር ሥር ትሞታለች። ቻርለስ ኤልተን የተባለው የእንግሊዝ የሥነ ፍጥረት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1953 ስለ እርሻ ቤት ድመቶች ያሳተመው ጥናት ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር ነው። በዚያ ጥናት እንደ ታየው፣ አይጥ ከሞላበት ቤት የገቡ ድመቶች አይጡን ነቅለው ሊያጠፉት አልቻሉም፤ አይጡ አስቀድሞ በሌላ ዘዴ ከጠራ በኋላ ግን፣ ወተት እየተሰጣቸው በስፍራው የቆዩት ድመቶች ከቤቶቹ ዙሪያ እስከ 50 ያርድ ድረስ አዲስ አይጥ እንዳይገባ ለመጠበቅ በቅተዋል። ድመት እንግዲህ ጠባቂ ናት እንጂ ጠራጊ አይደለችም፤ ጠባቂም ደመወዙን እያገኘ በበሩ ካልቆየ የማንን ቤት ይጠብቃል?

ከዚህም የተነሣ የመሰናዶው መጀመሪያ ሣጥን መግዛት ወይም ጨርቅ መፈለግ ሳይሆን ቤቱን ማጥራት ይሆናል። ጆንያው ከግድግዳ ተነሥቶ በርብራብ እንጨት ላይ ይቀመጥ፤ እህሉ ክዳን ወዳለው በርሜል ይገልበጥ፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ቀዳዳ ይደፈን፤ የቀረውን አይጥ ወጥመድ ይያዘው። መርዝ ግን አይነካ። የአይጥ መርዝ በየሱቁ ያለ ከልካይ የሚሸጥ ስለ ሆነ እንደ ሳሙና የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የምትመጣው የድመት ግልገል መርዙን ራሷ ባትቀምሰው እንኳ መርዙን የቀመሰችውን አይጥ መብላቷ አይቀርም፤ መርዝ የበላች አይጥ እየተንገዳገደች ስለምትሄድ ለታናሽ ድመት ከሁሉ የምትቀል ሲሳይ ናትና። ስለዚህ ድመት ሊያመጣ ያሰበ ሰው የራሱን ቤት ካጠራ በኋላ በግራና በቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች «መርዝ አኑራችኋል ወይ? ካኖራችሁስ እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለው ጥያቄ ለቡና በተቀመጡበት ሰዓት ቢነሣ የሚያስቀይም ሆኖ አላየሁትም፤ እንዲያውም አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ጥያቄውን ከሰሙ በኋላ ዕድሜ ለዶሮዎቼ ሲሉ መርዙን አንሥተው ቀበሩት።

ከመርዙ በኋላ ጉድጓድ ይመጣል። በግቢያችን ያለው የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ፣ ክዳኑ የተሰበረ የውሃ በርሜል፣ ለቆጮ ተቈፍሮ ባዶውን የቀረ ጉድጓድ፣ ይህ ሁሉ ለጐልማሳ ድመት ምንም ባይሆን ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ለማይሞላ ግልገል መቃብር ነው። ምድጃም እንዲሁ ነው፤ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በእኛ ወይና ደጋ ግልገሏ ሙቀት ፍለጋ ወደ ትኩሱ አመድ መጠጋቷ የታወቀ ስለ ሆነ፣ እሳቱ ከተዳፈነ በኋላ ምድጃው በምጣድ ወይም በቆርቆሮ ይከደን፤ የማእድ ቤቱም በር ይዘጋ። በር ላይ የሚያድር ባጃጅ ያለው ሰው ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ቀፎውን መታ መታ ያድርግ፤ ሞቆ ያደረ ሞተር የግልገሎች መኝታ ሲሆን ታይቷልና።

መድኃኒትም አለ። ለራስ ምታት በየመሳቢያው የማይጠፋው ፓራሲታሞል ለሰው ፈውስ ሲሆን ለድመት ግን የሞት ጽዋ ነው፤ ጉበቷ ሊያጣራው የተፈጠረ ስላልሆነ አንዲት ክኒን ልትገድላት ትችላለች። «አሞኛል የሚል አፍ የላትም» ብሎ በርኅራኄ ክኒኑን በወተት በጥብጦ የሚያጠጣ ሰው በቅን ልብ ነፍስ ያጠፋል። መዥገር ለማራገፍ በከብት ጀርባ ላይ የሚፈስሰው መድኃኒትም ለድመት አልተቀመመም፤ በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት ዓይነት ለከብትና ለውሻ የሚስማማ ሆኖ ሳለ ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላታል። ከቁንጫዋ ለማላቀቅ የሚፈልግ ሰው ለጊዜው በጥቃቅን ጥርስ ማበጠሪያና ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይጽና፤ የቀረውን ለሐኪም ይተው።

ስለ ዕቃው ብዙ መናገር አያሻኝም፤ የባዕድ አገር ሱቆች ለድመት የሚሸጡት ዕቃ ቍጥር ሥፍር ባይኖረውም፣ ጉብሬ ላለ ሰው ግን አብዛኛው ነገር ከደጁ አይርቅም። ቢጫው የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ከሁለት ቢሰነጠቅና ጠርዙ በእሳት ቢለሰልስ ግልገሏ ያለ ችግር የምትወጣበትና የምትወርድበት የመጸዳጃ ገንዳ ይሆናል፤ በውስጡ የሚጨመረውን ሰጋቱራ አናጢው በነጻ ይሰጣል፤ ሰጋቱራ ከታጣም የወንዝ አሸዋ ወይም የቀዘቀዘና የተነፋ አመድ ይተካዋል። ድመት በተፈጥሮዋ ቈፍራ የምትሸፍን ስለ ሆነች ከበላች በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ወስዶ በገንዳው ላይ ማኖር ይበቃታል፤ አፍንጫዋን በቈሻሻ መፈግፈግ እንደ ትምህርት የሚቈጠርበት ቤት ቢኖር ከዚህ ግብር ይመለስ፤ ድመት በዚያ የምትማረው የሰውን እጅ መፍራት ብቻ ነው። ገንዳው ከምግቡ ስፍራ ይራቅ፤ ውሃውም ቢቻል ከምግቡ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቢቀመጥ በደንብ ትጠጣዋለች። ለመኝታዋ ካርቶን በጎኑ ተጋድሞ አሮጌ ነጠላ ቢነጠፍበት ያ ማኅደሯ ነው፤ የተገለጠ መኝታ ከተከለለው ይልቅ አይስማማትም፤ ፍርሃት ሲመጣባት ጀርባዋን የምታስደግፍበት ስፍራ ትሻለችና።

በዚህ ስለ ዕቃ በሚናገረው አንቀጽ የጉራጌ ምድር ከፓሪስም ከለንደንም የምትበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቃጫ ነው። ድመት ጥፍሯን ካልሳለች አትኖርም፤ የምትስልበትንም ካላገኘች በፍራሹና በሶፋው ላይ ትፈርዳለች። በውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጠው መቧጨሪያ በገመድ የተጠመጠመ እንጨት ከመሆን አያልፍም፤ እኛም የባሕር ዛፍ ግንድ ከግቢያችን፣ እንሰት ሲፋቅ የሚቀረውን ቃጫ ከእናቶቻችን እጅ እናገኛለን። ክንድ ተኩል የሚሆን ግንድ በሰፊ ጣውላ ላይ በምስማር ተመትቶ በቃጫ ገመድ ከላይ እስከ ታች ጠብቆ ቢጠመጠም ለብዙ ዘመን ያገለግላል። ነገር ግን ገመዱ ተፈትቶ ክሩ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ ይቈረጥ፤ የድመት ምላስ ወደ ውስጥ የዞረ እሾህ ስላለበት አንድ ጊዜ ወደ አፏ የገባውን ክር ለመትፋት ይቸግራታል፤ የተዋጠ ክርም አንጀትን ሰብስቦ ይቈርጣል። በተለይም ልብስ ሰፊ ያለበት ቤት ክርና መርፌውን ማታ ማታ በመሳቢያ ይቈልፍ።

አሁን ወደ ምግቧ እንምጣ፤ በዚህ ብንዘገይ ነገሩ የሚገባው ነው። ስለ ሥጋ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም በምንልበት በክትፎ አገር የድመት ምግብ ግን የተዛባ ነው፤ ለእርሷ የሚደርሳት የወጥ ትርፍና በመረቅ የራሰ እንጀራ፣ ሲብስም ቆጮ ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ስለዚህ የወጥ ትርፍ ለድመት ስጦታ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚሠራ ጉዳት ነው። እንጀራና ቆጮ በበኩላቸው ሆድ ይሞላሉ እንጂ አያሳድጓትም። ላም ሣር በልታ ከሣሩ ሥጋ የምታበጅ ፍጥረት ስትሆን፣ ድመት ግን ከሥጋ በቀር በሌላ እንዳትኖር ሆና ተፈጥራለች፤ ታውሪን የሚባለውን በሥጋ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ራሷ አብቅታ ማበጀት ስለማትችል፣ እርሱ ለብዙ ጊዜ ሲጓደልባት የዓይኗ ብርሃን ይጠፋል፤ ልቧም ይደክማል። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሳይንስ ሊቃውንት ያረጋገጧቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ውስጥ ነው።

ይህን በመስማት ድሃ ቤት ድመት ማኖር አይችልም ብሎ የሚደመድም ቢኖር ተሳስቷል። የልኳንዳ ቤት ሰው ለውሻ የሚጥለው ሳንባ፣ ከልብ የሚቀረው ቍራጭ፣ ከዶሮ የሚወጣው አንገትና የሆድ ዕቃ ተቀቅሎ ለድመት ግብዣ ነው፤ ልብ በተለይ ታውሪን ይበዛበታል። አቀቃቀሉ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት ይሁን፤ ታውሪን በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ መረቁ ሳይደፋ ከሥጋው ጋር ይሰጣት። ጉበት መልካም ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ከሆነ አጥንቷን ይጎዳል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃታል። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ ስለሚወጋ አይሰጣት። የተቀቀለ እንቍላልም ሥጋ በማይገኝበት ቀን ጥሩ ምትክ ነው። ስለ ወተት ግን አንባቢን ማሳዘኔ ነው፤ ግልገሏ ጡት ከተወች በኋላ የወተቱን ስኳር የሚፈጭላት ኃይል እየደከመ ስለሚሄድ የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጥም ለታናሽ አካል ቀላል ነገር አይደለም። ጥቂት ወተት የምትስማማት ድመት ብትኖር እሰየው፤ መሠረታዊው መጠጥ ግን ንጹሕ ውሃ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደረቅ የድመት ምግብ የመግዛት ዐቅም ያለው ሰው ለግልገል የተዘጋጀውን ይምረጥ። ምግቡ ምንም ይሁን ምን፣ የሁለት ወር ግልገል ሆዷ ትንሽ ስለ ሆነ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ትብላ፤ እስከ ስድስት ወሯም ሦስት ጊዜ።

የጾሙስ ነገር? በክርስቲያን ቤት ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሥጋና ወተት ከማእድ ቤት ይወጣል፤ ድመቷም ከቤተ ሰቡ ጋር የምትጾም መስሎ ሽሮ ይቀርብላታል። ጾም ለነፍሱ ተጠያቂ ለሆነው ለሰው ልጅ የተሠራ ሥርዓት ነው እንጂ ሕግ ላልተሰጣት ፍጥረት የታዘዘ አይደለም፤ «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለውም ተረት ሲተረት የኖረው በሰው ላይ ለመሳለቅ ቢሆንም በድመቷ በኩል ፍጹም እውነት ነው። በጾም ቀን ለድመት ሥጋ መቀቀል የሚያሳቅቃት እመቤት ብትኖር ማሰሮውን ትለይለት፤ ሥጋውንም በእኛ አገር ማግኘት አይቸግርም፤ የክርስቲያኑ ልኳንዳ ቢዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው፤ ሲሳይዋ በማን እጅ እንደ ተባረከ የምትጠይቅ ድመት ደግሞ እስካሁን አላጋጠመችኝም።

እግረ መንገዴን፣ በእስልምና በኩል ስለ ድመት የተነገረው ከእኛ ከክርስቲያኖች ይልቅ ግልጥ መሆኑን አለመናገር ንፉግነት ይሆንብኛል። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷም ወጥታ የምድርን ተንቀሳቃሽ እንድትበላ ሳትለቃት በረኃብ ስለ ገደለቻት ሴት ቅጣት የሚናገረው ሐዲስ በቡኻሪ ስብስብ ውስጥ የተመዘገበ ነው፤ ጉብሬ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቼም ልጆቻቸውን ድመት እንዳይመቱ ሲገሥጹ ይህን ይጠቅሳሉ። በብሉይ ኪዳን የዕብራይስጥ መጻሕፍት ድመት በስሟ አትገኝም፤ በጽርዕ በቈየው በኤርምያስ መልእክት ውስጥ ግን በባቢሎን ጣዖታት ላይ ከሌሊት ወፍና ከአዕዋፍ ጋር ተቀምጣ ትታያለች፤ ጣዖትን ለመናቅ ከእርሷ የበለጠ ተስማሚ ፍጥረት ባለመገኘቱ ይመስለኛል። ግብፃውያን በተቃራኒው ራሷን ጣዖት አድርገዋት ነበር፤ ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው የቤት ድመት የሞተችባቸው ሰዎች ቅንድባቸውን ይላጩ ነበር። በቆጵሮስ ደሴት ደግሞ ከሰው ጋር የተቀበረች የ9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት ድመት ተገኝታለች። የቤት ድመት ሁሉ እናት የሆነችው የአፍሪካ ዱር ድመት ግን ዛሬም በአገራችን ቍጥቋጦ ውስጥ ትኖራለች። በዓለም ላይ «አቢሲንያዊት» ተብላ ስለምትታወቀው ባለ አንበሳ መልክ ድመት የሚመጻደቅ ወንድም ቢኖር ግን ልብ ይበል፤ ያ ስም ለድመቲቱ የተሰጣት ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ገባች ከተባለች፣ ዙላ የተባለች ድመት ታሪክ ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ የዘር ምርመራ የሚያመለክተው ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። የእኛዋ ድመት በኮርኒስ ላይ ያለችው ናት።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ፤ ግልገሏ ከመምጣቷ በፊት የእንስሳት ሐኪም የት እንዳለ ጠይቆ ማወቅ ከመሰናዶው ክፍል ነው። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ለከብት፣ ለበግና ለፍየል የታሰበ ስለ ሆነ «ድመት ይዤ መጣሁ» የሚልን ሰው በፈገግታ የሚቀበሉ ክሊኒኮች ይኖሩ ይሆናል፤ ፈገግታውን ችሎ መጠየቅ ነው። የሚጠየቀውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሆድ ትል መድኃኒት ሲሆን፣ ግልገሎች ትሉን ከእናታቸው ጡት ጭምር ስለሚቀበሉት ሁሉም እንዳለባቸው አድርጎ ማሰብ ይሻላል። ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው፤ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ ድመትም በንክሻዋ ለሰው ታስተላልፋለች። ክትባቱ ከሦስት ወሯ ጀምሮ ይሰጣታል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ልጅ ከከተበ ወዲህ ይህ በሽታ አስቀድሞ መከላከያ ያለው ሲሆን፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን ዛሬም ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያልታወቀች ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ጸበልም ቢሻ ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አያድርገው።

ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ድመት አትግባ የሚለው ምክር ግማሹ እውነት ነው። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ረቂቅ ተሕዋስ በድመት ዐይነ ምድር ይወጣል፤ ለመበከል ግን ከአንድ እስከ አምስት ቀን ስለሚፈጅበት ገንዳው በየቀኑ በሌላ ሰው እጅ የጸዳ እንደ ሆነ አደጋው እጅግ ይቀንሳል። ያው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋም እንደሚተላለፍ ግን የሚናገር የለም፤ ጥሬ ክትፎ በጎመን እየጎረሱ ድመቷን ከደጅ የሚያባርሩ ዘመዶች አሉኝ፤ እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን ፍርዳቸው ትክክል አይደለም። ነፍሰ ጡሯ ገንዳውን አትንካ፤ ክትፎዋንም አብስላ ትብላ።

የመምጫዋ ዕድሜ የሁለት ወር፣ ቢቻል የሦስት ወር ይሁን። ዓይኗ እንደ ተገለጠ ወዲያው ከእናቷ የምትነጠቅ ግልገል ብትድን እንኳ ነካሽና ድንጉጥ ትሆናለች፤ የጨዋታንና የንክሻን ልክ የምትማረው ከእናቷና ከወንድሞቿ ነውና። የሰውን እጅ የምትለምድበትም ዘመን ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንቷ ያለው ስለ ሆነ፣ ግልገሎቹ የተወለዱበት ቤት ልጆች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በእጃቸው ቢይዟቸው ለተቀባዩ ትልቅ ውለታ ነው። በከረጢት አትምጣ፤ ቀዳዳ በተበሳበት ካርቶን ወይም ክዳን ባለው ቅርጫት፣ እናቷ የተኛችበት ጨርቅ አብሮ ተነጥፎላት ትምጣ፤ ሽታው በመጀመሪያው ሌሊት ያጽናናታል። ቤቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አታሳዩአት፤ አንድ ክፍል ለጥቂት ቀናት ይበቃታል። ከተደበቀችበት ጎትቶ ማውጣት ክልክል ነው፤ ምግቡን አቅርቦ መቀመጥ፣ ዝም ማለትና መጠበቅ እንጂ። ሴት ከሆነች ከአራተኛና ከአምስተኛ ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ፣ በዘጠኝ ሳምንትም ልትወልድ እንደምትችል ታውቆ፣ የሚያመክናት ሐኪም ከወዲሁ ይጠየቅ፤ ያለዚያ ዛሬ አንዷን በርኅራኄ የተቀበለው ሰው በዓመቱ አምስቱን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ወንዝ ማዶ ሊጥል መሄዱ ነው።

ሁለት ዓይነት ቤቶች ግን ምንም ቢሰናዱ ለጊዜው ባይቀበሏት እመርጣለሁ። አንደኛው ሰኔ ሲመጣ የሚዘጋው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተከራየው ክፍል ነው። በጥቅምት ለብቸኝነት ማስረሻ የመጣች ግልገል ክረምት ሲገባ በተቈለፈ በር ላይ እየጮኸች መቅረቷ በሰፈራችን የተለመደ ሆኗል፤ የሚሄድ ሰው ድመቷን አደራ የሚቀበለውን ሰው በስሙ ሊጠራ ካልቻለ ከመጀመሪያው አያምጣት፤ የአከራይን ድመት ማጫወትም ይቻላል። ሁለተኛው የመስቀል ሰሞን የጉራጌ ቤት ነው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ከአዲስ አበባና ከየአገሩ የሚገባው ዘመድ ቤቱን ሞልቶት፣ በሩ ሌሊትና ቀን ተከፍቶ፣ ጥሬ ሥጋና ቅቤው በየገበታው ቀርቦ፣ ደመራው እየነደደ፣ ሕፃናቱም አንዷን ግልገል ለአሥር እየተሻሙባት፣ በዚያ መካከል አዲስ የመጣች ድመት ወይ ጠፍታ ትቀራለች፣ ወይም በማታውቀው ጮማ ታማ ትሞታለች።

ስለዚህ ድመቶቻችሁ የወለዱላችሁ የጉብሬ፣ የወልቂጤና የእምድብር እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ለበዓሉ የሚመጣው ዘመድ «አንዷን ስጡኝ» ሲላችሁ እሺ በሉት፤ ግልገሏን ግን መስቀል አልፎ እንግዳው እስኪበተን ከእናቷ ጋር አቆዩለት፤ ሲወስዳትም መርዙን ከቤቱ ማንሣቱን ጠይቁት።